ስለ ዛገው መኪና

የዛገ ብረት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህስ ሞቷል» ይላል። ነገር ግን ዝገት ሁሉ ሞት አይደለም። ዝገት ማለት ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ በላዩ የሚወጣው ቀይ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት አንዳንድ ጊዜ ብረቱን እስከ ልቡ ድረስ ይበላዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከቆዳው አያልፍም። ከቆዳ ያላለፈውን ዝገት እስከ ልብ ከደረሰው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ብልህ ይባላል። ሳይለይ የሚጥል ግን ሀብቱን ከጕድፍ ጋር አብሮ ይጥላል።

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዓይነት መኪና ነው። መኪና ማለት በመንገድ ላይ የሚሮጠው ብቻ አይደለም፤ ልብስ የሚሰፋውም፣ መጽሐፍ የሚያትመውም፣ ብረት የሚቆርጠውም መኪና ይባላል። ይህኛው ብረት የሚፈለፍል ነው፤ ባለ ሙያዎች ፍሬዛ ወይም ሚሊንግ ይሉታል። ቶርኖ የሚባለው ወንድሙ ብረቱን እያሽከረከረ በስለት ይልጠዋል። ፍሬዛ ግን የሚያሽከረክረው ባለ ጥርሱን ስለት ነው፤ ብረቱ በገበታ ላይ ታስሮ ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ይቀርባል። በዚህ አኳኋን ፍሬዛ ጎርባጣውን ብረት ጠፍጣፋ ያደርጋል፣ ጎድጎድ ያወጣል፣ የመዘውር ጥርስ ይቀርጻል።

ከብዙ ዘመን በፊት የብረት መሰርሰሪያ ጠመዝማዛ ጎድጎድ በሞረድ፣ በሰው እጅ ይወጣ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1862 ዓመት ጆሴፍ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ በፕሮቪደንስ ከተማ ይህን ጎድጎድ የሚቆርጥ፣ ገበታው ወደ ጎን የሚዞር ፍሬዛ ሠራ። ቶርኖና ፍሬዛ ባሉበት ቤት የሌላው መኪና አካል ሲሰበር ሌላ ይሠራለታል። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን መኪናን የሚወልዱ መኪናዎች ብንላቸው አልተሳሳትንም።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በተለይም ለአዋሽ ከተማ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በረሃውን አቋርጦ፣ የአዋሽን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱ ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የሚመላለስ ባቡር አካሉ ማለቁና መሰበሩ የማይቀር ነው። ለተሰበረው ሁሉ ከባሕር ማዶ ምትክ ይምጣ ቢባል ባቡሩ ወራት ይቆም ነበር። ስለዚህ በድሬ ዳዋ ታላቅ የብረት ሥራ ቤት ተቋቋመ፤ ያለቀው ይታደስበት፣ የጐደለው ይሠራበት ጀመር። ብዙ ሰዎች የብረትን ሥራ የተማሩት ከዚያ ቤት ነው፤ በየጣቢያው ባቡሩን ያቆዩት የእነርሱ እጆች ናቸው። ዛሬ በአዋሽ በኩል የሚያልፈው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። የቀድሞው ባቡር በአዋሽ ማለፉን ትቷል፤ ትምህርቱ ግን ሊተው አይገባም።

ከአዋሽ ወንዝ ጋር ወደ ታች ወርደን ወደ ሰመራ ብንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ሰመራ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። በእርሷና በጎረቤቷ በሎግያ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ ያልፋል፤ የጭነት ካሚዮኖችም ሌሊትና ቀን ይመላለሱበታል። ካሚዮን በበረሃ ውስጥ ሲሰበር ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ዕቃው በከተማው ቢገኝ መልካም። ባይገኝ ግን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ አዲስ አበባ ሰው ይልካል፤ እስኪመለስለትም በጥላ ሥር ተቀምጦ ቀን ይቈጥራል። በዚያው ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ጥግ፣ ዕቃውን ሊሠራ የሚችል ፍሬዛ ዝጎ አቧራ ለብሶ ቢቀመጥስ? እንዲህ ያለው ነገር ያሳዝናል፤ ችግሩና መድኃኒቱ በአንድ አጥር ውስጥ ሳሉ አልተያዩምና።

እንዲህ ያለ መኪና በእጁ የገባ ሰው ሁለት ምክር ይሰማል። አንደኛው ምክር «በኪሎ ሽጠው» የሚል ነው። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው ነጋዴ ሚዛኑን ይዞ ይመጣል፤ የሚከፍለው ግን ለክብደቱ እንጂ ለሙያው አይደለም። ሺህ ኪሎ የሚመዝን ፍሬዛና ሺህ ኪሎ የሚመዝን የወደቀ አጥር በእርሱ ሚዛን አንድ ናቸው። ፍሬዛው ወደ ማቅለጫው እሳት ከገባ በኋላ የቤት መሥሪያ ብረት ይሆናል። ይህም ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ቤት የምንሠራበት ብረት ተመልሶ ፍሬዛ አይሆንልንም። ሁለተኛው ምክር «ፈትተህ ጠርገህ ግጠመው» የሚል ነው። እኔ ከሁለተኛው ምክር ጋር እቆማለሁ፤ ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አሮጌ ነው ተብሎ የሰው ነገር አይነካም። በአሮጌው የባቡር መንገድ ዳር የወደቀ ብረት፣ በመጋዘን የተዘጋ ዕቃ፣ ሁሉ ባለቤት አለው። ባለቤቱን ሳይጠይቅ አንዲት ብሎን የሚያነሣ ሰው አዳሽ አይባልም፤ ሌባ ይባላል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ማፍረስ ለሁሉ ቀላል ነው፤ ለመመለስ ብሎ መፍታት ግን ትምህርት ይጠይቃል። ብልህ ሠራተኛ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት መኪናውን በዓይኑ ይዞረዋል፤ በወረቀት ላይ ሥዕሉን ይሥላል፤ የቱ ከየቱ እንደሚያያዝ ይጽፋል። ከዚያም የተጣበቁትን ብሎኖችና ዳዶዎች በላምባና በዘይት ያርሳል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንትም ቢሆን ይጠብቃል። ዘይት ቀስ ብሎ በቀጭኑ መንገድ ይገባል፤ መዶሻ ግን ያልቻለውን ይሰብራል። ደግሞ ሁሉ ብሎን በአንድ አቅጣጫ አይፈታም፤ ወደ ግራ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅም አለ። ይህን የማያውቅ ጕልበተኛ ፈታሁ እያለ ያጠብቃል፤ በመጨረሻም ይበጥሳል።

የፈታውንም በአንድ ክምር አይጥልም። የገበታውን ብሎን በአንድ ጣሳ፣ የካምቢዮውን በሌላ ጣሳ ያኖራል፤ በእያንዳንዱም ላይ ስሙን ይጽፋል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ከባዱን አካል ሲያወርድ በእንጨት ይደግፋል፣ ባልንጀራም ይጠራል፤ የፍሬዛ ገበታ በእግር ላይ ቢወድቅ እግር ይቀጠቅጣልና።

መጥረጉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውጭው አካል ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽና በላምባ ይለቃል። ነገር ግን ገበታው የሚንሸራተትበትን ፊት በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አይገባም። ያ ፊት እጅግ በቀጭን ልክ የተስተካከለ ነው፤ በማይሆን ነገር የፈተገው ሰው ዝገቱን ከነልኩ ያወጣዋል። ባለ ሙያ ይህን ፊት ሲያስተካክል እኩል መሆኑ ከታወቀ ሌላ ፊት ላይ ቀለም በስሱ ይቀባል፤ ሁለቱን ያገናኛል፤ ቀለሙ የነካውን ከፍ ያለ ቦታ ብቻ በመፋቂያ ጥቂት በጥቂት ይፍቃል፤ ደግሞም ይፈትናል። ይህ ሥራ ቀናት ይወስዳል። የላምባ ሥራ ከእሳት ርቆ ይሠራል፤ ቤንዚን ግን ፈጽሞ አይነካም። በሰመራ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረትም እጅ ያቃጥላልና በማለዳ፣ በጥላ ሥር መሥራት ይሻላል። ነፋሱ አቧራ እንዳያስገባም የተከፈተው ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በኩሽኔታ ውስጥ ብትቀር የወር ድካም ታበላሻለችና።

ሁሉ ተጠርጎ፣ ዘይትና ግራሶ ተቀብቶ፣ ከኋላ የተፈታው ቀድሞ ይገጠማል። ከተገጠመ በኋላም መኪናው አስቀድሞ በእጅ ይዞራል እንጂ ወዲያው ኤሌክትሪክ አይሰጠውም። የኤሌክትሪኩ ነገር ለባለ ሙያው ይተዋል፤ ታላላቆቹ ሞተሮች በየቤቱ ከሚገባው የተለየ ባለ ሦስት መስመር ኀይል ይፈልጋሉና። ስለቱ በሚዞርበት ጊዜ ነጠላ የለበሰ፣ እጅጌው የረዘመ፣ ጓንትም ያጠለቀ ሰው አጠገቡ አይቁም፤ የሚዞር ብረት የያዘውን ጨርቅ ከነባለቤቱ ይስባል። ልጆችማ ከሩቅ ሆነው ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ይነሣል። «በኮምፒዩተር የሚመራው አዲሱ መኪና ከአሮጌው ይልቅ ይፈጥናል፣ ልኩንም አይስትም፤ ስለ ምን በአሮጌ ብረት እንደክማለን?» ይላል። የተናገረው እውነት ነው። አዲሱን ለመግዛት የሚችል ሰው ይግዛ፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን በአዋሽና በሎግያ ያለ አንድ ወጣት ባለ ጋራዥ ለአዲሱ የሚከፍለው ገንዘብ ከሌለው ምርጫው በአሮጌውና በባዶ እጅ መካከል ነው። አሮጌው ፍሬዛ ቀስ ብሎም ቢሆን የመዘውር ጥርስ ይቀርጽለታል፤ መዘውርን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ሽብልቅ የሚገባበትንም ጎድጎድ ያወጣለታል። በባዶ እጅ ግን ምንም አይቀረጽም።

ሌላውም ተቃዋሚ «ለማደሻው የወጣው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ቢበልጥስ?» ይላል። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር ይመርመር። ዋናው አካል ተሰንጥቆ እንደ ሆነ፣ የሚንሸራተተውም ፊት እስኪወላወል ድረስ ተበልቶ እንደ ሆነ፣ ያ መኪና እንደ መኪና አይመለስም። ደኅና የሆነው አካሉ ለሌላው ይጠበቅ፤ የቀረው ይሸጥ። ትዕግሥት መልካም ነው፤ ሂሳብ የሌለው ትዕግሥት ግን ግትርነት ይባላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍ ግን በመኪናው ላይ አይታይም፤ በሰውየው ውስጥ ይቀራል። መኪና ገዝቶ ያስገባ ሰው ቍልፉን መጫን ያውቃል። ፈትቶ የገጠመ ሰው ግን እያንዳንዱ ጥርስ ስለ ምን እንዳለ ያውቃል፤ መኪናው ደግሞ ቢታመም ሕመሙን በድምፁ ይለየዋል፣ ሩቅ አገርም መልእክተኛ አይልክም። ለልጁና ለጎረቤቱ ልጅም ያስተምራል። የድሬ ዳዋው የብረት ሥራ ቤት ሙያን ያቆየው እንዲህ ካንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እያሳለፈ ነው። ስለዚህ የሚመስለኝ እንዲህ ነው፤ አሮጌ የብረት መሥሪያ መኪናዎች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶችም ሰዎችም በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት በአዋሽና በሰመራ ላሉት የሙያ ተማሪዎች «ልታድሱት ትወዳላችሁን?» ብለው ይጠይቁ። መኪናው ባይድን እንኳ ተማሪዎቹ የሚያውቁት ይጨምራል።

እናንተም ልጆች፤ ፍሬዛ እስኪገጥማችሁ ድረስ በትንሹ ጀምሩ። የዛገ ቁልፍ ወይም ድምፅ የሚያሰማ የበር ማጠፊያ በቤታችሁ ይኖራል። አባታችሁን ወይም እናታችሁን አስፈቅዱ፤ በጨርቅ ጥረጉት፣ ዘይት አጠጡት፣ እስኪለሰልስ ጠብቁት። ብትፈቱት የፈታችሁትን ቍጠሩ፤ ስትገጥሙትም ደግማችሁ ቍጠሩ። ቍጥሩ ከሞላና በሩ ያለ ጩኸት ከተከፈተ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ተምራችኋል።