የፎገራ ከብት በዕቅዱ ይግባ፦ ለግብርና ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የግብርና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ ጣራ ገዳም ካለበት ኮረብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የፎገራ ሜዳ ወደ ጣና ተዘርግቶ ያያል። በነሐሴ ሜዳው ውኃና ሩዝ ነው። በኅዳር ሩዙ ይታጨዳል፤ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር ያለው ገበሬ ደግሞ በበጋው ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ቦታ ያጣው፣ ስሙን ከዚሁ ሜዳ የወሰደው የፎገራ ከብት ነው።

ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው ስለ እርሱ ነው። ጉዳዩ ግን በአንድ ወረዳ አይወሰንም። አገሪቱ ከቀንድ ከብቷ ሥጋ ምን ያህል ገቢ ልታገኝ እንደምትችልና ሥራውን ከየት መጀመር እንዳለባት የሚነካ ነው።

የፎገራ ከብት ነጭና ጥቁር ቡሬ፣ ቁመናው ደልደል ያለ፣ ጠባዩ ገር ነው። በሬው የሚጣበቀውን ጥቁር አፈር ያርሳል፤ ላሟ ከአገር በቀል ዝርያዎች በወተት ደህና ከሚባሉት ተርታ ትሰለፋለች፤ ረግረጉንና ጎርፉን ለምደውታል። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣ፣ ውኃው ሲሸሽ ተመልሶ ይወርድ ነበር። የዛሬ 40 ዓመት ገደማ በወጡ ጽሑፎች የዝርያው ቁጥር 800 ሺህ ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ግምቶች እያሽቆለቆሉ መጥተው፣ ንጹሕ የሚባለውን ፎገራ በጥቂት ሺዎች የሚቆጥሩ ጥናቶች ላይ ተደርሷል። አጥኚዎቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ይለያያል፤ ቁጥሩ ወደ ታች መሄዱን ግን የሚክድ የለም።

ለዚህ ሩዝን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ሩዝ ወደዚህ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራና በደራ ወረዳዎች፣ ሻጋና ጅግና በተባሉ ቦታዎች በነበሩ የአምራቾች ማኅበራት ሞከሩት። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ እስካሁን ከገበሬው እጅ አልወጣም። ቀድሞ ጎርፍ ሲያበላሸው የኖረ መሬት እህል ሰጠ፤ ወረታ የሩዝ መፈልፈያዎችና የነጋዴዎች ከተማ ሆነች፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተተከለ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የወል ግጦሹ በየዓመቱ እየተቆረሰ ወደ ሩዝ ማሳ ሲዞር ለከብቱ ምን ቀረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በግጦሽነት የተረፈውንም አሜኬላ ወረረው። እሾሃሙን አረም ከብት አይበላውም፣ አረሙ በበቀለበት ቦታም ሣር አይወጣም። አዝመራ ከተነሳ በኋላ ከብቱ ይለቀቅበት የነበረው ማሳ ደግሞ አሁን በመስኖ ሽንኩርት ተይዟል። መኖ ሲጠፋ ገበሬው ፎገራውን ሸጦ ትንሽ የምትበላ የደጋ ላም ገዛ፣ ወይም ኮርማ ሲያጣ ካገኘው ኮርማ ጋር አዳቀለ። ማንም ገበሬ ዝርያውን ላጥፋ ብሎ አልተነሳም፤ እያንዳንዱ ለቤቱ የሚያዋጣውን አደረገ፣ ድምሩ ግን ዝርያውን ወደ ጥፋት ወሰደው።

እዚህ ላይ የጣራ ገዳምን ደን ማንሳት ተገቢ ነው። ዙሪያው ተራቁቶ ሳለ በገዳሙ ዙሪያ ያለው ደን እስከ ዛሬ ቆሟል። የቆመውም ባለቤቱ ስለሚታወቅ፣ መቁረጥ የተከለከለበት ሥርዓት ስላለውና ሥርዓቱን የሚያስከብር ማኅበረሰብ ስላለው ነው። ከታች ያለው የወል ግጦሽ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። በአማራ ክልል የገበሬው ማሳ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እየተለካ የይዞታ ደብተር ተሰጥቶበታል፤ ግጦሹ ግን በብዙ ቀበሌ ድንበሩ በወጉ ሳይለይ ቆይቶ ለሚገፋው ሁሉ ተጋልጧል። በኩሃር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬዎች በአንድ የልማት ፕሮጀክት እየታገዙ አሜኬላውን በጋራ ነቅለው፣ መሬቱን ከልለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ሣር ማስመለስ እንደሚቻል አሳይተዋል። መፍትሔው የታወቀ ነው ማለት ነው። የጎደለው፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ እንዳያልቅ የሚያደርገው ሕጋዊ ይዞታ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ገበያ። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። ይህ ቁጥር በየስብሰባው ይነገራል። ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ግን ብዙ አይነሱም። ታርዶ የሚገኘው ሥጋ በአማካይ ከአንድ ከብት ወደ 110 ኪሎ ነው፤ ይህም ከዓለም አማካይ ግማሽ ያህል ነው። በዓመት ለእርድና ለሽያጭ የሚወጣው ደግሞ ከመንጋው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ምክንያቱ ገበሬው ከብት የሚያረባው አስቀድሞ ለእርሻ በመሆኑ ነው። በሬ አምስትና ስድስት ዓመት ካረሰ በኋላ፣ ጉልበቱ ሲደክም፣ ጥቂት ወራት ተቀልቦ ለበዓል ይቀርባል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገዢዎች የሚፈልጉት ወጣት ወይፈን ነው። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የወጪ ንግድ ቄራዎች ለዓመታት ከአቅማቸው በታች የሠሩት፣ ወደ ውጭ የሚልኩትም በአብዛኛው የበግና የፍየል ሥጋ የሆነው በዚህ ምክንያትም ነው። ዝዋይ የተተከለው ትልቁ የአላና ኩባንያ ቄራም ከብት የሚገዛው ከዚሁ የአቅርቦት ምንጭ ነው። ቄራ መጨመር ብቻውን ከብት አይጨምርም።

የአገር ውስጡ ገበያም የራሱ ጠባይ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በፋሲካ ዋዜማ ዋጋው ጣራ ይነካል፤ ከበዓሉ በኋላ ይወርዳል። የፎገራ ከብት አድላቢ ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ሰንጋውን ለፋሲካና ለመስቀል ያደርሳል። ሁሉም ለአንድ ቀን ሲያደርስ ግን ዋጋውን የሚወስነው ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴና በመካከል የቆመ ደላላ ይሆናል። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ገበያውን ሥርዓት ሊያስይዝ ወጥቶ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በገጠሩ ገበያ በሬ አሁንም በዓይን እየተገመተ ይሸጣል። ሚዛን ያለው የከብት ገበያ በወረታና በአዲስ ዘመን ቢቋቋም ለአድላቢው ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ይጠቅመው ነበር።

የሰሜን ጎንደርና የደቡብ ጎንደር ከብት ሌላው መውጫ መተማ ነበር። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ የተነሳው ጦርነት ያንን መንገድ አናጋው። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ተጨመረበት፤ መንገድ ሲዘጋ የተቀለበ ሰንጋ በረት ውስጥ መኖ እየበላ ይቆያል፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት የአድላቢውን ትርፍ ይበላዋል፣ የክትባት መድኃኒትም በሰዓቱ አይደርስም። ስለ ሥጋ ገበያ የሚወጣ ዕቅድ ሁሉ ይህን ሳያነሳ ካለፈ ወረታ ላይ የሚያምነው ሰው አያገኝም።

ተስፋ የሚሰጡ ነገሮችም አሉ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በሕጋዊ መንገድ የሚልከውን ነጋዴ ከቀድሞው የተሻለ ዋጋ ላይ አድርሶታል። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ ተሠርቷል፤ በደብረ ታቦርና በወልድያ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድም በከተማዋ ያልፋል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከፎገራ የሚነሳ የቀዘቀዘ ሥጋ ሞጆ ሳይደርስ ወደ ባሕር የሚሄድበት ዕድል አለ።

የውጭው በር ጠባብ የሚሆነው በበሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በአካባቢው አገሮች ሲከሰት ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን ከብት አግዳ ነበር፤ ጉዳቱን አርብቶ አደሩ ያስታውሰዋል። ዛሬ ትልቁ እንቅፋት አፍተግር ነው። ቦትስዋና ገና በ1950ዎቹ የሥጋ ኮሚሽን አቋቁማ፣ ከአፍተግር ነፃ የሆኑ ቀጠናዎችን በአጥር ለይታ፣ እያንዳንዱን ከብት መለያ ሰጥታ ለአውሮፓ ስትሸጥ ኖራለች። ናሚቢያ በ2012 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ቀይ ሥጋ የላከች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆናለች። ኢትዮጵያ ድንበሯን በአጥር መከለል አትችልም። አጥንቱ የተለየና በሥርዓቱ የቆየ ሥጋ ግን አፍተግር ካለበት አገርም ሊሸጥ የሚችልበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ አለ። ለዚህም ክትባት፣ የከብት መለያና ሐኪም ያስፈልጋል። አገሪቱ ይህን ሥራ አታውቀውም ሊባል አይችልም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በክፉ ቀን ከብቱን የፈጀውን የደስታ በሽታ፣ በቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት ይዘው በእግርና በግመል በረሃ ድረስ የወረዱ ባለሙያዎች ከምድሯ አጥፍተውታል፤ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ የእነርሱም ድል ነበር።

ክቡር ሚኒስትር፣ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት ማስተር ፕላን የቀይ ሥጋ ፍላጎት ከአቅርቦቱ እጅግ እንደሚበልጥ ተንብዮ፣ ክፍተቱን በዶሮ ሥጋ ለመሙላት አቅዶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተትን፣ ዶሮንና ማርን አስቀድሟል። ሁለቱም ትክክለኛ ችግር ላይ ያነጣጠሩ ናቸው። ነገር ግን ወተት ለመጨመር ሲባል የፈረንጅ ኮርማ ዘር ያለ ወሰን በፎገራ ላሞች ላይ ቢሰራጭ የቀሩት ጥቂት ሺዎችም ያልቃሉ። አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ የፎገራን ከብት ሲጠብቅና ሲያሻሽል ኖሯል፤ በቻግኒ ያለው የመተከል ራንችም ድርሻ ነበረው። የአንድ ምርምር ማዕከል መንጋ ግን ዝርያን ብቻውን አያድንም። ኮርማው መመለስ ያለበት ወደ ገበሬው ደጅ ነው። በሜዳው ዳር ባሉ ቀበሌዎች ገበሬዎች ራሳቸው መርጠው የሚያቆዩአቸው ኮርማዎች፣ ከቃሊቲው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከልም በበቂ መጠን የሚቀርብ የፎገራ ኮርማ ዘር ያስፈልጋሉ። የፈረንጅ ዘር ደግሞ ለባሕር ዳርና ለደብረ ታቦር ከተማ ዙሪያ ወተት አምራቾች ይሁን።

መኖው እዚያው ፎገራ አለ። ይህ ለባለሥልጣን በተደጋጋሚ ሊነገር ይገባዋል። ግጦሹን የወሰደው ሩዝ በየዓመቱ ተራራ የሚያህል ገለባ ይሰጣል፤ ከወረታ መፈልፈያዎች ደግሞ የሩዝ ፉርሽካ ይወጣል። ገለባው ብቻውን ከብት አያደልብም። በዩሪያ ታክሞ ፋጉሎና ፉርሽካ ሲጨመርበት ግን ወይፈን በሦስት ወር ገደማ ለገበያ ይደርሳል። አሁን ገለባው በከፊል ይባክናል፣ ፋጉሎው ከገበሬው አቅም በላይ እየሆነ ነው፣ ብድሩም ወቅቱን ጠብቆ አይመጣም። የሩዝ ምርምር ማዕከሉና አንዳሳ በአንድ ዕቅድ ሥር አብረው ቢሠሩ፣ ወረታ ላይ ገለባ የሚያስርና መኖ የሚቀላቅል የኅብረት ሥራ ቢቋቋም፣ ገበሬው በሬውን ሲያረጅ ከመሸጥ ይልቅ ወይፈን አድልቦ ለመሸጥ ምክንያት ያገኛል። በረግረጉ ቀንድ አውጣ የሚተላለፈው የጉበት ትል ደግሞ አድላቢውን ሳይታወቀው ያከስረዋል፤ በክረምት መግቢያና መውጫ መድኃኒቱ በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ እንዲገኝ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቆዳውም አይረሳ። አንድ ዘመን ሙክት የገዛ ሰው ከቆዳው የተወሰነ ገንዘብ ይመልስ ነበር፤ ዛሬ በበዓል ማግስት ቆዳ መንገድ ዳር ሲጣል ይታያል። የሥጋው ዋጋ ብቻውን ሁሉንም ወጪ እንዲሸከም መደረጉ ላኪውንም ገበሬውንም ይጎዳል።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤትዎና ከአማራ ክልል የእንስሳት ዘርፍ የሚጠየቀው፣ አዲስ ቄራ ከመመረቁ በፊት ሦስት ነገር ነው። የፎገራ ከብት በቀበሌ ደረጃ ይቆጠር፤ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራና በደራ ወረዳዎች የቀረው የወል ግጦሽ ተለክቶ በማኅበረሰቡ ስም ደብተር ይሰጥበት፤ የሩዝ ገለባና ፉርሽካ በመኖ ዕቅዱ ውስጥ በጀት ይያዝለት። ለቆጠራው የሚመቸው ወቅት ጥርና የካቲት ነው፤ ያን ጊዜ ውኃው ሸሽቶ ከብቱ ሜዳው ላይ ይገኛል፣ መንገዱም ደርቆ ለባለሙያ ይከፈታል። ከሰኔ በፊት ያልተለካ ግጦሽ ደግሞ በሐምሌ የሩዝ ማሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና፣ ልኬቱ ከቆጠራው ጋር አብሮ ቢጀመር ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር