ስለ ነርስነት ተማሪ ቤት አመራረጥ

በሽተኛን ማስታመም በኢትዮጵያ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን አጥሚት እያቀረበና ሌሊቱን ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ሲያስታምም ኖሯል። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን የመድኃኒቱን ልክ አይለካም፤ ቍስሉም እንዳይመግል አይጠብቅም። ስለዚህ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የምትባለው እንግሊዛዊት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ዓመት በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የነርሶችን ተማሪ ቤት ካቆመች ወዲህ ማስታመም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ከኢትዮጵያም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በዚያው በሎንዶን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው ሙያውን ተማሩ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓመትም በነርስነት ተመዘገቡ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሲሆኑ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍን ነውር አላሉትም። በ1934 ዓ.ም. በነቀምት በሞት ቢለዩም በስማቸው የመታሰቢያ ሐኪም ቤት ተሠራላቸው።

ዛሬ ወደዚህ ሙያ የሚያስገባው በር ብዙ ሆኗል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በታወቀ ጊዜ በየከተማው ግንብና የመብራት ምሰሶ ላይ ነርስነትን እናስተምራለን የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። የገጠር አባት በሬውን ወይም ጥጃውን ሸጦ ገንዘቡን በመቀነቱ ከቋጠረ በኋላ ወዴት እንደሚያገባት የሚጠይቀው ወይ የነፍስ አባቱን ነው፤ ወይ የወረዳውን ሹም ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው ሰው የሚመልሰውን ያወቀ ሊሆን ይገባል።

መንገዱ በአጭሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው በጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚሰጠው ደረጃ 4 የሚባለው የሙያ ሥልጠና ነው፤ ይኸውም ከዲግሪው በጊዜ ያጠረ ሆኖ በብዙው በእጅ ሥራ ላይ ያተኰረ ነው። ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ 4 ዓመት የሚፈጀው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከዚህም ጋራ የአዋላጅነት፣ የሰመመን አሰጣጥ፣ የአእምሮ ሕሙማንና የድንገተኛ በሽተኞች አጠባበቅ ራሳቸውን የቻሉ ትምህርቶች ሆነው በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በደረጃ 4 የተመረቀም ሠርቶ ልምድ ካገኘ በኋላ ወደ ዲግሪው መሻገር ይችላል።

ብዙ ሰዎች ዲግሪ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላሉ። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። በጤና ጣቢያ ልጅ የሚያስከትቡ እናቶችን የሚቀበለው፣ ቍስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ብዙ ጊዜ በደረጃ 4 የሠለጠነው ባለሙያ ነው። በአሜሪካ እንኳ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሙያ በሚኖሩበት አገር፣ ሁለት ዓመት ያህል የተማረውም አራት ዓመት የተማረውም የተመዘገበ ነርስ ለመሆን የሚፈተኑት አንዱን ፈተና ነው። ልዩነቱ ኋላ በሹመትና በማስተማር ሥራ ይታያል። ስለዚህ አቅሙ ያልፈቀደለት ቤተ ሰብ በደህና ኮሌጅ ደረጃ 4 ማስተማሩ፣ ስሙ ብቻ ባማረ ቦታ ለዲግሪ ዕዳ ከመግባት ይሻለዋል።

ደህናውን ከስመ ደህናው ለመለየት የቤተ ክህነት ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ሲወጣ የሚጠይቀው ስለ መምህሩ እንጂ ስለ ጎጆው ስፋት አይደለም። ድጓን የትም ቢማር በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ፣ አቋቋምን በጎንደር በአታ ያስመሰክራል፤ ያላስመሰከረ መምህር ተብሎ ወንበር አይዘረጋም። የነርስም ነገር እንደዚሁ ነው። በደረጃ 4 የተማረ የብቃት ምዘና አለበት፤ በዲግሪ የተማረም ከ1915 ሳይሆን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያም በኋላ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል። እንግዲህ ለኮሌጁ ዲን የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ተፈትኖ ስንቱ አለፈ የሚል ይሁን። መልሱን የሚሸሽ ኮሌጅ መልስ ሰጥቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሐኪም ቤት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ነርስነት ከደብተር አይቀዳም። ተማሪው በላስቲክ አሻንጉሊት ላይ የደም ሥር መፈለግን ይለማመድ ዘንድ ይገባል፤ ነገር ግን አሻንጉሊቱ አያቃስትም፣ አይፈራም፣ እጁንም አይሰበስብም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ የነበረው ስለዚህ ነው። ዛሬ አንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ የልምምድ ሐኪም ቤት ስለሌለው ከመንግሥት ሐኪም ቤት ጋራ ይዋዋላል። ውሉ መልካም ነው፤ የሦስትና የአራት ኮሌጅ ተማሪ ባንድ ቀን ባንድ ክፍል ሲሰበሰብ ግን በሽተኛው በነጭ ልብስ ይከበባል እንጂ አይታከምም፤ ከኋላ የቆመውም ተማሪ የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። (ነጭ ለብሶ ፎቶግራፍ መነሣት ነርስ አያደርግም።)

ሦስተኛው የፈቃድ ወረቀት ነው። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጠቅላላው ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ነው፤ ዘመኑም የተወሰነ ነው። አንድ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ለሒሳብ አያያዝ የተፈቀደለትን ወረቀት በመስታወት አድርጎ ቢሰቅል በሌላ ከተማ ነርስ ለማስተማር ፈቃድ አይሆነውም። ይህን ሳያይ የከፈለ ተማሪ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ለፈተና እንዳይመዘገብ ይከለከላል፤ በሬው ግን አይመለስም። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመሥራት የሚያስብም የዚያ አገር መርማሪዎች በክፍልና በሐኪም ቤት የተማረበትን ሰዓት ከተማሪ ቤቱ ስለሚጠይቁ፣ መዝገብ በማይጠብቅ ኮሌጅ መማሩ ይጎዳዋል።

ለዚህ ሁሉ ነገር የልጅቱን አባት ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይገባም፤ ማኅተም ማንበብ ያልተማረ ሰው ነውና። ሐኪም ቤቱን የሚያስተዳድር ሹም ለልምምድ ውል ሲፈርም አልጋውን ከተማሪው ቍጥር ጋራ አስተያይቶ ይፈርም። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም በዓመቱ ነርስነትን ለማስተማር የተፈቀደላቸውን ኮሌጆች ከነቅርንጫፋቸው ጽፎ በሰሌዳው ላይ ቢለጥፍና አንዱን ግልባጭ ለየአጥቢያው አለቃ ቢልክ፣ ካህኑም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ቢያነብለት፣ ወጪው ጥቂት ወረቀት ነው። ይህም ምዝገባው ከመከፈቱ አስቀድሞ ይሁን።