እናንብብ፣ እንወቅ፦ በብርድ ሌሊት የተነሣው እሳት

ዛሬ የምናነበው ስለ እሳት ነው። ታሪኩ ያሳዝናል። ቢሆንም ቀስ ብለን እስከ መጨረሻው እናንብበው።

አገሩ ካናዳ ነው። ካናዳ ውስጥ ኬቤክ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ሕዝቡ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው። እዚያ ሴንት ሎረንስ የሚባል ትልቅ ወንዝ ይፈሳል። በወንዙ ዳር ሊል ቬርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ «አረንጓዴዋ ደሴት» ማለት ነው። የሕዝቧ ቁጥር 1,500 ያህል ነው። እንግዲህ የአንድ ቀበሌ ሰው እንኳ አይሞላም። ሁሉም ይተዋወቃል።

በዚህች ከተማ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ነበረ። 50 ያህል አዛውንቶች ይኖሩበት ነበር። ብዙዎቹ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። በምርኩዝ የሚሄዱ ነበሩ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱም ነበሩ። «ልጆቻቸው ጥለዋቸው ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እዚያ አገር ሰው ሲያረጅ እንዲህ ባለ ቤት መኖር የተለመደ ነው። ብዙዎቹም የዚያው አካባቢ ሰዎች ነበሩ። ልጅም የልጅ ልጅም ቅርብ ነው፤ እየመጣ ይጠይቃቸዋል።

ጥር 15 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር ጥምቀት ካለፈ ገና አራተኛው ቀን። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2014 መሆኑ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሁሉም ተኝቷል። እሳቱ ያን ጊዜ ተነሣ።

እሳት አጥፊዎቹ መጡ። እነዚህ ሰዎች ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ የከተማዋ ልጆች ናቸው። ዘመድ ውስጥ ያለባቸውም ነበሩ። ግን ቤቱ የእንጨት ነው፣ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ብርዱስ? ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያህል። ውሃ በዜሮ ዲግሪ እንደሚረጋ ልብ በሉ። ስለዚህ በእሳቱ ላይ የሚረጨው ውሃ ባረፈበት ሁሉ በረዶ ሆነ። እናቱን ለማውጣት መሰላል ይዞ የሞከረ ልጅ እንደነበረ ያዩ ሰዎች ተናግረዋል። አልደረሰላትም።

32 ሰዎች ሞቱ።

ሲነጋ የቤቱ ፍርስራሽ በወፍራም በረዶ ተሸፍኖ ነበር። አስከሬን ለማውጣት መቆፈር አልተቻለም። በረዶውን በእንፋሎት ቀስ እያሉ ማቅለጥ ግድ ሆነ። ሥራው ቀናት ፈጀ። ቤተሰብ ያን ሁሉ ቀን ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ዘመዱ መሞቱን እያወቀ አስከሬኑን ሳያገኝ ሲቀር እንዴት እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። 1,500ን ለ32 ብናካፍል 47 ገደማ ይመጣል። ከ47 ሰው አንዱ በአንድ ሌሊት ሄደ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ኀዘን ያልገባበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አጽናኙም ኀዘንተኛ ነው። ጥር 24 ቀን በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሲደረግ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐርም ተገኝተው ነበር።

ታዲያ ሁሉም ለምን አልሞቱም? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በሁለት ጊዜ የተሠራ ነው። አሮጌው ክፍል በፈረንጆች 1997 ተሠራ። አዲሱ ክፍል ደግሞ በ2002 ተጨመረ። በመካከላቸው እሳት የሚያግድ ግድግዳ አለ። አዲሱ ክፍል ጣሪያው ላይ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ነበረው። አሮጌው አልነበረውም። አሮጌው ነደደ፣ አዲሱ ቆመ።

ቧንቧው እንዴት ይሠራል? ጫፉ ላይ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ብርጭቆ አለች። ውሃውን ይዛ የምታቆመው እሷ ናት። ሙቀቱ ሲበዛ ፈሳሹ ያብጥና ብርጭቆዋን ይሰብራታል። ያን ጊዜ ውሃው ይወርዳል። ሰው መጥቶ እስኪከፍተው አይጠብቅም። አብዛኛውን ጊዜ እሳት ሲነሣ ሰው የሚሞተው በጭሱ ነው፤ ጭሱ ደግሞ ከነበልባሉ ይቀድማል። እግሩ ለማይታዘዝለት አዛውንት ጥቂት ደቂቃ ብዙ ነገር ነው። በዚያ ሌሊት ለዚያ ሁሉ ሰው ተረኛ የነበረው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ስንቱን ያወጣል?

ሲሪል ደላዥ የሚባሉ መርማሪ ነገሩን መረመሩ። በ2015 ዘገባቸውን አወጡ። እንዲህ ባሉ ቤቶች ሁሉ ውሃ የሚረጨው ቧንቧ ይግባ አሉ። የኬቤክ መንግሥትም ተቀበለ። ለባለቤቶቹ አምስት ዓመት ሰጣቸው።

እኔ በበኩሌ አምስት ዓመት ረጅም ነው እላለሁ። ወጪው ከባድ እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ትንንሾቹ ቤቶች አቅም የላቸውም። ግን እዚያ ቤት ያሉት ሰዎች ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሆናቸው ናቸው እኮ! አምስቱ ዓመት አለቀ። ቧንቧው ያልገባባቸው ቤቶች ገና ነበሩ። ቀኑ ተራዘመ። ከዚያም እንደገና ተራዘመ።