ፍርዱ ወረቀቱ ላይ ነው

እኛ ሶፍትዌርን ከውጭ ሆነን የምንፈትን ነን። ኮዱን አንከፍትም። ያስገባነውን እናውቃለን፤ የወጣውን በእጃችን ይዘን እንመረምራለን። ባለሙያው ይህን ብላክ ቦክስ ቴስቲንግ (የጥቁር ሳጥን ፍተሻ) ይለዋል። መለያ ወረቀት በሚያትም ሶፍትዌር ላይ ግን ሳጥኑ ስክሪኑ ጋ አያበቃም። ፕሪንተሩም፣ ሪቦኑም፣ ሙጫ ያለው ወረቀቱም የሳጥኑ አካል ናቸው።

ስክሪን ላይ አምሮ መታየት ማረጋገጫ የነበረበት ዘመን አልፏል። ያ ዘመን ስካነር የማያነበው ባርኮድና በባዶ አራት ማዕዘኖች የተተካ አማርኛ አውርሶን ሄዷል። አንዲት እናት ከመድኃኒት ቤት ይዘውት በወጡት ብልቃጥ ላይ «ከምግብ በ» ብሎ የቆመ መለያ አይተናል። በፊት ይሁን በኋላ ወረቀቱ አይናገርም። ስክሪኑ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነበር።

ነጥብ እንደማይሸረፍ እናምናለን። በብዙ ሱቅ ያለው ቴርማል ፕሪንተር በአንድ ኢንች 203 ነጥብ ያትማል፤ የአንዷ ነጥብ ስፋት 0.125 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሸቀጥ ላይ የምናየው ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ ደግሞ የቀጭኑ መስመር መደበኛ ስፋት 0.33 ሚሊ ሜትር ነው። ሲካፈል 2.64 ነጥብ ይመጣል። ፕሪንተሩ ግማሽ ነጥብ አያውቅም። ሶፍትዌሩ ባርኮዱን እንደ ፎቶ ሲለጥጠው እኩል መሆን ከነበረባቸው መስመሮች አንዱ 2፣ ሌላው 3 ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ስካነሩ ይደናገራል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ቁጥሩን በጣቷ ትለቅማለች። መፍትሔው ሙሉ 3 ነጥብ፣ ማለትም 0.375 ሚሊ ሜትር መሳል ነው። ይህን ለመድረስ የማንንም ኮድ አላየንም። ማጉያ መነጽር በቃን።

ፊደላችን ሙሉ ሆኖ መታተም አለበት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሰበብ የለም። በዚያው ፕሪንተር 2 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል የሚደርሰው 16 የነጥብ ረድፍ ብቻ ነው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ቅጥያ ከዚያ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብትሆን ነው። ሶፍትዌሩ የፊደሉን ጠርዝ በግራጫ አለስልሶ ሲልክ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያውቀው ፕሪንተር ግራጫውን ይበትነውና ቅጥያዋ ትጠፋለች። ስለዚህ በፕሪንተሩ የነጥብ ልክ፣ በጥቁርና ነጭ የተሳለ ፊደል እንጠይቃለን።

ዳር ዳሩን እንፈትናለን፤ ስህተት ዳር ይወዳል። ባዶ ስም እናስገባለን። ባለ አንድ ፊደል ስም እናስገባለን። «ገብረ ሥላሴ ወልደ ገብርኤል» እናስገባለን። የመጀመሪያውን መለያና የማተሚያው ራስ ከጋለ በኋላ የወጣውን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያትም ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን 6ን እንሰጠዋለን፤ በ2015 ዓ.ም. ነበረች፣ በ2019 ትመለሳለች። 13ኛውን ወር የማያውቅ ሶፍትዌር መድኃኒት ቤት አይግባ።

በፍትሕ እንፈትናለን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን። ሙቀት ሲበዛ መስመር ያብጣል፣ ሲያንስ ይሳሳል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ብዙውን ጊዜ ጠርዝ ይጠራል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ነጭ ሰረዝ የማተሚያው ራስ ቆሽሿል ወይም ተቃጥሏል ማለት ነውና ሶፍትዌሩን ባላጠፋው አንከስም። «የኔ ስካነር አነበበው» የሚለውንም አንቀበልም። ባርኮድ በአይኤስኦ 15416 መስፈርት ከ4 እስከ 0 ይመዘናል፤ ቁጥሩን እንፈልጋለን።

የምንገነባው ነገ ይህ ነው፦ ሶፍትዌሩ ከማተሙ በፊት ፕሪንተሩን በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚያትም ይጠይቃል። ፎንት ሲጎድል ቆም ብሎ ይናገራል። ጽሑፍ ከወረቀቱ ሲተርፍ ቆርጦ አይጥልም፤ ለሰው ያሳውቃል። መለያውን የሚያነቡት እናት ስለ ሶፍትዌር አንዳች ሳያውቁ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ።

በዚህ ሥራ ያላችሁ ሁሉ፣ ከእኛ ጋር ለመቆም አንድ ነገር ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ የስህተት ሪፖርት ስትጽፉ የስክሪኑን ፎቶ ብቻ አትላኩ። የታተመውን መለያ ለጥፉበት።