የእድሩ ኮምፒውተርና «ነጻው» ዊንዶውስ

በሰፈራችን እድር ቢሮ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። አሮጌ ይሁን እንጂ የእድሩ ጉዳይ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው፦ የአባላት ስም፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ፣ ድንኳኑ ማን ቤት እንዳለ። ጸሐፊው ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) በ2012 ዓ.ም. የወረቀቱን መዝገብ ዘግተው ሁሉንም ወደ ኤክሴል አዛውረውታል። አንድ ቀን ጠዋት ሲከፍቱት የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተቀይሮ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስፈራሪያ ስክሪኑ ላይ ጠበቃቸው። እኔን የጠሩኝ «ጋዜጠኛ አይደለህ? ይሄን አንብብልኝ» ብለው ነው። አነበብኩላቸው። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፣ እንዲከፈቱ በቢትኮይን ክፈሉ ይላል።

«ቢትኮይን የትኛው ባንክ ነው ያለው?» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት የአንድ አባል እናት አረፉ። በደንቡ መሠረት ሦስት ወር ያልከፈለ አባል የለቅሶ ገንዘብ አያገኝም። ሰውየው ከፍያለሁ አለ፣ ገንዘብ ያዡ ትዝ አይለኝም አሉ፣ መዝገቡ ተቆልፏል። እድሩ ሰውየውን አምኖ ከፈለ፤ ደግ አደረገ። ከሠልስቱ በኋላ ግን «የእኔ ጊዜ ደረሰኝ ተጠይቄ አልነበር ወይ?» የሚል ሰው ተነሣ። እስከ ዛሬ ሰላም የማይባባሉ ጎረቤታሞች አሉ።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ክራክ ነበር። ይህን ስል ጋሼን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁት በክራክ ነው፣ እናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው ናችሁ። ኮምፒውተር ቤት እንወስዳለን፣ ልጁ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስና ኦፊስ ይጭንልናል፣ የእጁን እንከፍላለን፣ «ነጻ ነው» ብለን እንሄዳለን። ልጁ በዚያች ሰዓት ምን እንዳደረገ አንጠይቅም። ክራኩ እንዲሠራ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል። ቀጥሎ ክራኩ እንዳይነቃበት አፕዴቱን ይዘጋል። ከዚያ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ያስነሣል። ዘበኛውን አሰናብቶ፣ ቁልፉን ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ እንደ መተኛት ነው።

አፕዴት የመዝጋት ዕዳ ምን ያህል እንደሆነ በፈረንጆቹ 2017 ዓለም አይቶታል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ሲደርስና የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሥራ ሲያስተጓጉል፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተመቱት ያላደሱት ናቸው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጠንክሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ በፈረንጆቹ ከ2017 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ማሽኖች በይፋ አይቀበልም። የእድሮቻችን፣ የማኅበሮቻችንና የትንንሽ ቢሮዎቻችን ዕቃ ደግሞ ባብዛኛው ከውጭ አገር ቢሮ ተጠቅሞ የተወገደ ነው። ሕጋዊ ልሁን የሚል ቢገኝ እንኳ የፕሮ ላይሰንስ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ነው፤ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ለአንድ እድር ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስሉት። የቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ ሳንረሳ።

ስለዚህ የጋሼን ኮምፒውተር ሳስተካክል ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት። ሊኑክስ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ተማሪ ሳለ የጀመረው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው፤ አንድሮይድ ስልካችሁም ከሥሩ እሱው ነው። በእሱ ላይ ከተሠሩት ታዋቂው ኡቡንቱ ከደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ የመጣ ነው። (ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ አስመጥቶ ግድግዳ ላይ ለጌጥ ሰቀለው። ጭነነው ቢሆን ስንት ፍላሽ በዳነ!)

ሚንት 4 ጊጋባይት ራም ባለው በዚያ አሮጌ ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ ላይ አስነሥቼ ጋሼ አንድ ከሰዓት ሞከሩት። ሊብሬኦፊስ የኤክሴል ፋይላቸውን ይከፍታል። አማርኛ መጻፊያም አለው። የጠፋውን መዝገብ ከየአባሉ ቤት የክፍያ ካርድ እየሰበሰብን መልሰን ጻፍን፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። አሁን በየሳምንቱ ሁለት ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ አንደኛው ሊቀመንበሩ ቤት ያድራል። ይህን ካላደረጉ ሊኑክስም ብቻውን አያድንም፤ ዲስክ ይበላሻል፣ ኮምፒውተር ይሰረቃል።

አሁን የማይመቸውን ልናገር፣ ምክንያቱም የሊኑክስ ወዳጆች ይህን መዝለል ይወዳሉ። ሒሳባችሁ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ ያንን ማሽን አትንኩት። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ የሒሳብ ባለሙያዎቻችንም የሚያውቁት እሱን ነው። ለአንዷ ማሽን ላይሰንስ ገዝታችሁ ሌሎቹን አዛውሩ። የድሮ ፓወር ግዕዝ ሰነድም ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ እያለ እኛ በአሮጌው መጻፍ ቀጥለን ያከማቸነው ዕዳ ነው። ሆኖም ሰነዱን የሚፈልገው ሠራተኛ ለዚህ ክርክር ጊዜ የለውም። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እንኳ 15 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ካዛወረ በኋላ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ፋይል መለዋወጥ ሲያማርራቸው ከነበሩት ነገሮች አንዱ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሰው ነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ በየመንደሩ ጠጋኝ አለ። ሊኑክስ ሲያስቸግር ጋሼ የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ለሥራ ክፍለ ሀገር እወጣለሁ። ለዚህ ነው ነገሩን ለኮምፒውተር ቤት ልጆች ማንሣት የጀመርኩት። አንዱ «በክራክ የጫንኩት በሦስት ወሩ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ፎርማት አደርጋለሁ። ይሄን ከጫንኩ ምን እበላለሁ?» አለኝ። አልተቀየምኩትም፣ ሐቁን ነው የነገረኝ። እድሩ ለዚህ ልጅ በየሦስት ወሩ የሚከፍለውን፣ ማሽኑን እያየ ባክአፑን እንዲቆጣጠር ቢከፍለውስ አልኩት። አሁን ከጋሼ ጋር በዋጋ እየተከራከሩ ነው።

ስካነሩ ግን እስካሁን አልሠራልንም። ጋሼ ሰነድ ስካን ለማድረግ ፎቶኮፒ ቤት ይሄዳሉ፣ በሄዱ ቁጥርም ይደውሉልኛል።