ስለ አሮጌው የባቡር መንገድ

በአዲስ አበባ ከተማ ጎተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው። ከለገሃር ተነሥቶ ወደ አቃቂ ይወርድ የነበረው የቀድሞው የምድር ባቡር በዚሁ ወገን ያልፍ ነበር። ዛሬ ባቡሩ ቀርቷል፤ ስለ መንገዱ ግን ሊነገር የሚገባው ነገር አለ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል መንገዱ ከጂቡቲ እስከ ሐረር፤ ከሐረርም እስከ እንጦጦ፤ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ የማይመች፤ ወጪውም የከበደ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው በታች በሜዳው ላይ ደረሰ። በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። አሮጌይቱ ሐረር ግን አንዲት ቅርንጫፍ ሐዲድ እንኳ ሳትደርሳት ቀረች። በንግዷ ከጥንት የታወቀችው ከተማ ቡናዋን 50 ኪሎ ሜትር ያህል አውርዳ ለጣቢያው ማስረከብ ግድ ሆነባት፤ ነጋዴውም እያደር ወደ ሐዲዱ ሄደ። ኋላም ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት የቆመው ሥራ በ1900 ዓ.ም. በሌላ ውል ቀጠለና ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር ታላቅ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም እንደ ለቡ ያሉት ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ መካከል የራቁ ናቸው። አሮጌው ሐዲድ ግን በአቃቂ፥ በቢሾፍቱ፥ በሞጆና በአዳማ ከገበያው አጠገብ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ለአዲሱ ባቡር እህልና መንገደኛ የሚያቀብል ቅርንጫፍ እንዲሆን ቢታሰብ መልካም ነው እንላለን።

አሮጌው ሐዲድ 1 ሜትር፥ አዲሱ 1.435 ሜትር ስፋት ስላለው ፉርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው አያልፍም የሚል ተቃዋሚ ይኖራል፤ ቃሉም እውነት ነው። እኛ ግን የምንሳሳው ለብረቱ አይደለም። ብረት ቢያረጅ በሌላ ይለወጣል፤ በከተማ መካከል ተስተካክሎና ተደልድሎ የተገኘ መሬት ግን አንድ ጊዜ ቤት ከተሠራበት በኋላ በብዙ ካሣና በብዙ ክርክር እንኳ አይመለስም። ስለሆነም ጉዳዩ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ከለገሃር እስከ አቃቂ ያለውን መሬት አስቀድመው በካርታ ያስከብሩ። በየሰበካው ያሉ አባቶችም የቀድሞውን ድንበር የሚያውቁ ሽማግሌዎችን በመጠቆም ቢረዱ ሥራው ይቀላል።