ሰጋቱራውን ሁላችንም እናየዋለን፣ የማይታየውን ማን ያይልናል?

በዓል በቀረበ ቁጥር የማይቀር አንድ ዜና አለ። ፖሊስ ከአንድ ግቢ የሰበሰበውን ጆንያ ይደረድራል፤ ቀይ አፈር የገባበት በርበሬ፣ ሙዝና የሚረጋ ዘይት የተለወሰበት ቅቤ፣ በስኳር የተበረዘ ማር ካሜራ ፊት ይቀርባል። እንጀራ ውስጥ ጄሶና ሰጋቱራ ተገኘ የተባለበትን ጊዜም አንረሳውም። እኛ ደግሞ «ኧረ ጉድ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» እንላለን፣ ቪዲዮውን ለዘመድ አዝማድ እንልካለን፣ በማግሥቱ ከዚያው ገበያ እንገዛለን። ምን እናድርግ? ሌላ ገበያ የለንም።

ከዜናው ኋላ የምክር መዓት ይከተላል። በርበሬውን ብርጭቆ ውሃ ላይ በትኑት፣ አፈር ካለው ይዘቅጣል። ቅቤውን አሽትቱት፣ ጣታችሁ ላይ አሹት፣ አቅልጡትና እዩት። ክብሪት ማሩ ውስጥ ነክራችሁ ለኩሱት፣ ከነደደ ንፁህ ነው። (በነገራችን ላይ ክብሪቱ የሚናገረው ማሩ ውስጥ ስላለው የውሃ መጠን ነው እንጂ ስለ ስኳሩ አይደለም። ውሃው በደንብ ያለቀለት የስኳር ሽሮፕም ክብሪቱን ከመንደድ አያግደውም።)

ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ አንዳንዱም ይሠራል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ደክሟት ቤቷ ስትገባ የምግብ መርማሪም እንድትሆን እየጠየቅናት ነው። ብርጭቆ ውሃ፣ ክብሪትና አፍንጫ ይዛ! ይህም ይሁን ቢባል እንኳን በዚህ መንገድ የምትይዘው የሚታየውን ብቻ ነው። አፈር ይታያል፣ ሰጋቱራ ይታያል። ልጆቻችንን ለረጅም ጊዜ የሚጎዳው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም።

ወተትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ከሚመግቡ ወተት አምራቾችና ነጋዴዎች 110 ናሙና ሰብስቦ ነበር። ከ110ሩ አንዱም ከአፍላቶክሲን ነፃ አልሆነም። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው መጠን ያለፈ ነበር። የአውሮፓው መለኪያ ጥብቅ ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚል ሊኖር ይችላል። እሺ፣ አሥር እጥፍ የሚላላውን የአሜሪካን መለኪያ እንጠቀም፦ በእሱም ቢሆን ከአራት ናሙና ከአንድ በላይ የሚሆነው ወድቋል። አፍላቶክሲን ማለት ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር እንደሚያመጡ ተረጋግጧል ብሎ ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ነው። የሚያጠቃውም ጉበትን ነው።

ታዲያ ወተት ውስጥ ማን ጨመረው? ማንም። እዚህ ላይ የሚታሰር ደላላ፣ የሚታሸግ መጋዘን የለም። ነገሩ የሚጀምረው ከላሟ መኖ ነው። ኑግ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ለላም ጥሩ ምግብ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ወተት ይጨምራል። ኑጉ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ወይም ፋጉሎው እርጥበት ባለው ቤት መሬት ላይ ከተከመረ ግን ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታው መርዙን ያመነጫል፣ ላሟ ትበላለች፣ ጉበቷ የመርዙን መልክ ይለውጠዋል፣ ከፊሉም በጡቷ በኩል ይወጣል። በዚያው ጥናት ከተመረመሩት መኖዎች ከፍተኛውን መርዝ ይዞ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተቱ ነጭ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ውሃ አልተጨመረበትም። ብታፈሉትም መርዙ አይጠፋም፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አፍላቶክሲንን አይነካውም። በላስቲክ የታሸገ፣ ፓስቸራይዝድ የሆነ፣ የፋብሪካ ስም ያለበት ቢሆንም ለውጥ የለውም።

እንግዲህ «ከሱቅ አትግዙ፣ ከሚያውቁት ላም አርቢ ውሰዱ» የሚለው ምክር ምን ይሠራል? ጎረቤቴ ላም አርቢው ታማኝ ሰው ነው። ወተቱን በውሃ ቀጥኖ አያውቅም። እሱም ፋጉሎውን የሚገዛው ሁሉም ከሚገዛበት ቦታ ነው።

በርበሬም ተመሳሳይ ነገር አለው። ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አባት አሉ። «አባባ፣ አፈር የገባበት በርበሬ ይመጣል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቅ አሉ። «አፈሩስ ይታወቃል ልጄ። እኔን የሚያስፈራኝ እርጥቡ ነው። ክብደት እንዲያነሳ ውሃ አርከፍክፈውበት፣ በጆንያ አፍነው ያመጡታል። ደረቁ ሲፈጭ ያስነጥሳል፤ ይሄኛው ወፍጮው ላይ ይለጠፋል። ውስጡን ስትከፍተው ነጭ ነጭ ነገር አለው። እናቶች ቀለሙን አይተው ይገዛሉ፣ ምን ያድርጉ?» ያ ነጭ ነገር ሻጋታ ነው። የዚያ ሰው ውሃ ማርከፍከፍ በኪሎ ጥቂት ብር ያተርፈዋል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን በብርጭቆ ውሃ ፈተና የማይያዝ፣ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይንም የማይለይ ነገር ነው። ለውዝም በቆሎም እንዲሁ ናቸው።

ቤታችሁ አዘጋጁት የሚለውም ምክር ለሁሉ አይሆንም። በርበሬ ቀንጥሶ፣ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለማድረቅ ግቢ ይፈልጋል፣ ቀን ይፈልጋል፣ ቤት የሚውል ሰው ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ የምትኖር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምትውል ሴት ይህን ከየት ታምጣው? (ሴት ያልኩት ምክሩ ሁልጊዜ ለሴት ስለሚሰጥ ነው። «ባሎች ሆይ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚል እስካሁን አልደረሰኝም።)

በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ስሌት በዓለም በየዓመቱ ወደ 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ይታመማል፣ 420,000 ሰው ይሞታል፤ ከሟቾቹ 125,000ዎቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነው። አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት ጀርሞች ናቸው። ዜና የሚሆነው ሰጋቱራ ነው፤ ሕፃን የሚገድለው ተቅማጥ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥርን ደንግጓል፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሥራውን ይሠራል። አልፎ አልፎ «እነዚህን ምርቶች ኅብረተሰቡ እንዳይጠቀም» የሚል ማስታወቂያ ያወጣል። ዘይት፣ ጨው፣ የለውዝ ቅቤ፣ ከረሜላ። ዝርዝሩን ስታነቡ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የገላጭ ጽሑፍ ነው፦ የአምራች አድራሻ የለውም፣ የመጠቀሚያ ጊዜ አልተጻፈበትም፣ የምርት መለያ ቁጥር የለውም። ትክክል ነው፣ ስሙን የደበቀ አምራች መጠርጠር አለበት። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛው፣ ከዚህች ከተማ ሕዝብ ስንቱ ነው ምግቡን ከነማሸጊያው የሚገዛው? ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ይሸጣል። በርበሬና ሽሮ በጣሳና በስኒ ይሰፈራል። የለውዝ ቅቤ ከትልቅ ባልዲ በማንኪያ ይጨለፋል። ወርኃዊ ደመወዙ ሩብ ሊትር እንጂ አምስት ሊትር የማይገዛለት ሰው የመጠቀሚያ ጊዜ የተጻፈበትን ጀሪካን ዓይቶትም አያውቅ። ጽሑፉን መሠረት ያደረገ ቁጥጥር የሚጠብቀው ሱፐርማርኬት የሚገባውን ነው። ከጉልት የሚገዛው ከጥበቃው ውጭ ነው፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ከጉልት ነን።

ሁለተኛው፣ ማስታወቂያው የሚወጣው ከበላን በኋላ መሆኑ ነው። በምርመራ ያለፈውስ የቱ ነው? ስንት ናሙና ታየ? ከየትኛው ገበያ? ምን ተገኘበት? ይህን የሚነግረን የለም። አንድ ጊዜ በገዛሁት የታሸገ ምርት ላይ ጥርጣሬ አድሮብኝ፣ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ይዤ ሄጄ ነበር። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተላክሁ፤ በመጨረሻ አንዲት ትሑት ወጣት ሠራተኛ «ላብራቶሪ ለግለሰብ አንሠራም፤ ቢጠረጥሩ አይብሉት» አለችኝ። አልበላሁትም። ሱቁ ግን ሲሸጠው ከረመ።

«ድሃ አገር ነን፣ ላብራቶሪ ውድ ነው» ይባላል። ለዚህ የባንግላዴሽን ነገር ማንሳት እወዳለሁ፤ እሷም ሀብታም አገር አይደለችም። እዚያ በገጠር ነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ውስጥ ብዙ እርሳስ ተገኘ፤ እርሳስ ስል ብረቱን ማለቴ ነው፣ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳውን። ተመራማሪዎች ምንጩን ሲከታተሉ እርድ ላይ ደረሱ። እርዱ እንዲያምርና ቢጫነቱ እንዲደምቅ፣ ለቀለም የሚውል የእርሳስ ውሁድ ሲቀባ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ገዢው ቢጫ ይወዳል፣ ነጋዴው ቢጫ ያቀርባል። ከቀቢዎቹ ብዙዎቹ ጉዳቱን አያውቁም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ውጤቱን ይፋ አደረገ፤ በጋዜጣና በበራሪ ወረቀት አስነገረ። በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ ይዞ ትልቁ የጅምላ ገበያ ገባ። እርሳስ የተገኘባቸው ሁለት ጅምላ ሻጮች እዚያው በቦታው ተቀጡ፣ ቅጣታቸውም ለአገር ተነገረ። ከዘመቻው በፊት ከገበያ ከተወሰደው እርድ 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። በ2021 ዜሮ። ሁለት ዓመት ነው የፈጀው።

ልብ በሉ፣ ጉልት የምትቸረችረዋን ሴትዮ አላሳደዱም። ሄደው የያዙት እቃው ሁሉ የሚያልፍበትን በር ነው። እኛም ጋ በርበሬ የሚያልፍበት በር ይታወቃል፣ ፋጉሎ የሚያልፍበትም ይታወቃል። ዘይት መጭመቂያዎቹና የመኖ መጋዘኖቹ አድራሻ አላቸው። ወተቱን በየቤቱ ከመመርመር ፋጉሎውን ከመጋዘን ሳይወጣ መመርመር ይቀላል። ኑጉን በደንብ ማድረቅ፣ ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ አየር በሚያገኝበት ማስቀመጥ የሳይንስ ምጥቀት አይጠይቅም፤ ርብራብ ጣውላ ይጠይቃል።

አንድ የመንግሥት ባለሙያ ወዳጄ ይህን ሳነሳበት «ሕዝብ ይደነግጣል» ይለኛል። የወተቱ ነገር መጀመሪያ ሲሰማ ሰው ወተት መግዛት ፈራ፣ ገበሬው ተጎዳ፣ እውነት ነው። ግን ለምን ፈራ? አንድ ክፉ ቁጥር ብቻ ተነግሮት፣ ከዚያ በኋላ ዝም ስለተባለ ነው። ስንተኛው ወር ላይ ተሻሻለ? የየትኛው አምራች ወተት ደህና ነው? መኖውን የቀየረ ገበሬ ምን አተረፈ? ይህ በየወሩ ቢነገር ኖሮ መኖውን ያደረቀው ገበሬ ገበያ ያገኝ ነበር። አሁን ግን ታማኙም ሌባውም እኩል ይጠረጠራሉ፣ እኩልም ይሸጣሉ። ወዳጄ ለዚህ መልስ አልሰጠኝም፤ ቡናውን ጨርሶ ሄደ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ባለሥልጣኑም ሆነ የከተማው ቁጥጥር ቢሮ በየወሩ የመረመረውን ሁሉ ያውጣ፤ የወደቀውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም፣ ከየት እንደተወሰደና ምን እንደተፈለገበት ጭምር። ድረ ገጽ ላይ ብቻ አይደለም። በየወረዳው የሸማቾች ማኅበር ሱቅ በር ላይ፣ የዘይትና የስኳር ዋጋ በሚለጠፍበት ሰሌዳ፣ ከዋጋው ጎን ይለጠፍ።